ባቡሩ ዓባይን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ

እ.ኤ.አ. በ1989 ዲሲ ኮሚክስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ባትማንን ከዘመኑ አንሥቶ አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው። ብሪያን ኦገስቲን በጻፈውና ማይክ ሚኞላ በሣለው «ጎተም ባይ ጋዝላይት» ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1889 ነው። መንገዱ የሚበራው በጋዝ ፋኖስ፣ ሰው የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ፣ ጀግናው የሚያሳድደውም ለንደንን ያሸበረውን ጃክ ዘ ሪፐር ነው። አሳታሚው ይህን ዓይነቱን ሥራ በኋላ «ኤልስወርልድስ» በሚል ስም ተከታታይ አደረገው። ከዐሥር ዓመት በኋላም አለን ሙርና ኬቨን ኦኒል የአሮጌ ልብ ወለዶችን ጀግኖች እ.ኤ.አ. በ1898ቷ እንግሊዝ በአንድ ቡድን ያሰባሰቡበትን የሥዕል ታሪክ ጀመሩ። የእነዚህ ሥራዎች ሕግ ቀላል ይመስላል፤ ከእውነተኛው ታሪክ አንድ ነገር ለውጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በሐቀኝነት ተከተል። ችግሩ ያለው የሚለወጠውን አንድ ነገር በመምረጥ ላይ ነው። ደራሲው ከሳተ መጽሐፉ የእንፋሎት ሞተርና የናስ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ትርዒት ሆኖ ይቀራል። ይህ ምዕራፍ ጥያቄውን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ሞጣ ያመጣዋል። በዚያ ምድር ላይ የኢንዱስትሪ ዘመንን እንደ አዲስ አስቦ ልዕለ ጀግና ማቆም የሚፈልግ ጸሐፊ ምኑን ነው መለወጥ ያለበት? የእኔ መልስ ማሽኑን ሳይሆን የቀጥቃጩን ክብር ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱን በማስረጃ አስረዳለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ተቃውሞ መልስ ይፈልጋል። ልዕለ ጀግናም ኮሚክም ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ጎጃም ላይ ቢተከሉ ሥር አይሰዱም የሚል አለ። የመጀመሪያው መልስ ሥራው መጀመሩ ነው። በሰራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ አማኑኤል ጥላሁን የተባለ ወጣት ልዩ ኃይል የሚያገኝበት ታሪክ ነው። «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግናም ተከትላዋለች። ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይጠልቃል። ጀግናን በሁለት ስም መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አሉላ «አባ ነጋ» ተብለዋል። የፈረስ ስም ሰውየው በቤቱና በችሎቱ ካለው ማንነት የተለየ፣ ጦር ሜዳ ላይ የሚለብሰው ማንነት ነው። ፉከራና ቀረርቶውም የሚያውጀው ይህንኑ ስም ነው። ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ መሣልም የኖርንበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በባህላዊ ሠዓሊዎች ሲሣል የኖረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ሳጥኖች፣ ብዙ ጊዜም በ44 ሳጥን ይተረካል፤ በየሳጥኑም አጭር ጽሑፍ አለ። በዐድዋ ሥዕሎች ላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ሆኖ ከወገን ጋር ይዋጋል፤ ወገን ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ሲሣል ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። አንባቢ ገጹን ገና ሲያይ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በመስመሩ ብቻ እንዲያውቅ የሚያደርግ ሥርዓት ነው።  ስለዚህ ቅርጹ እንግዳ ነው የሚለው አያስኬድም። እንግዳ የሚሆነው ይዘቱ ሳይታሰብበት የተቀዳ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ቀላሉና አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ወደሚያስበው ለውጥ እንምጣ፤ ባቡሩ ዓባይን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ የሚለው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ አልቀጠለም፣ ጎጃምም እስከ ዛሬ ሐዲድ አላየችም። ሞተር ግን ከባቡሩ በፊት ሸገር ገብቷል። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የሕዝብ ወሬ ሆኖ ነበር። ይህ ማሽን ዓባይን ተሻግሮ የቢቸናን ዳገት ሲወጣ መሣል ያምራል፤ ለሠዓሊ ሦስት ገጽ ሙሉ ሥዕል ይወጣዋል። ታሪኩ ግን እዚያው ይቆማል። መንኮራኩሩ ሲሰበር ማን ይሠራዋል? ቦይለሩ ሲያፈስ ማን ይበይደዋል? ሐዲዱ ቢመጣ እንኳ ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ጭኖ የሚልክ፣ ጨርቅና ምስማር የሚቀበል ጣቢያ ብቻ ነበር የሚሆነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው የተነተኑት ሕመም ይኸው ነበር፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ በዕውቀት የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ ለዐዋቂው ገባሪ እንደሚሆን አስረድተዋል። ማሽን መግዛት ብቻውን የዚህን ሕዝብ ታሪክ አይለውጠውም። ስለዚህ ባቡሩ የመለወጫ ነጥብ ሊሆን አይችልም፤ ቢበዛ የሌላ ለውጥ ውጤት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ ከዓባይ ማዶ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቋቋሙት የመድፍ መሥሪያ ለእኛ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መነሻ ነው። ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም ለወንጌል ሥራ የመጡ እንደ ቫልድማየርና ዛልሙለር ያሉ ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሐል፣ በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ አቅላጭ ሆኑ። ብዙ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ሴባስቶፖል የተባለውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ፤ ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና ሲፈልጡ በዐይናቸው ያዩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ ለዚያ ሁሉ ድካም የሚመጥን ሥራ ሳይሠራ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ፈረንጆቹ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ሄዱ፤ የማቅለጡ ዕውቀትም አብሯቸው ሄደ። ጋፋት ላይ ምድጃ ነበረ፣ ገንዘብ ነበረ፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ንጉሥ ነበረ። ያልነበረው ዕውቀቱን ተረክቦ ለልጁ የሚያወርስ፣ በሥራው የሚከበር የአገር ባለእጅ ነው።

ያ ባለእጅ ግን በየመንደሩ ነበረ። በምሥራቅ ጎጃም ገበያ ዳር የሚሠራን ቀጥቃጭ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ይገነዘባል። ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚነፋው ሰው አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እጁ ይዞ አንዱን ሲጫን ሌላውን ይከፍታል፤ ትንፋሹ እንዳይቋረጥ፣ ፍሙም እንዳይበርድ። ብረቱ ቀይ ሲሆን አይነካም፤ ወደ ብርቱካን መልክ ሲመጣ በጉጠት ተይዞ መስፉ ላይ ይወጣል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም፣ ሙቀቱን የሚለካው በመልኩ ነው። የማረሻውን ጫፍ ሲያሾል የት ላይ በዛ አድርጎ መምታት፣ የት ላይ መተው፣ መቼ ውኃ ውስጥ መንከር እንዳለበት ያውቃል፤ ቶሎ ቢነክረው ብረቱ ይሰባበራል፣ ቢያዘገየው ይለዝባል። ይህ በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ዘመንን ያስጀመሩት ሰዎች የነበራቸው ዓይነት ዕውቀት ነው። በቢቸናና በሞጣ ጥቁር አፈር ላይ የሚታረሰው ጤፍና ስንዴ በሙሉ በዚህ እጅ ያለፈ ብረት ይፈልጋል። ሆኖም ማረሻውን የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ ከገበሬው ጋር አይጋባም፣ በአንድ መሶብ አይቆርስም። ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ሌሊት ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ተብሎ ይወራበታል። ማጭዱን ከእጁ ተቀብሎ ልጁን ከዐይኑ የሚሸሽግ ጎረቤት ነው ያለው።

ይህን የምለው ዛሬ ላይ ሆኜ በጥንቱ ዘመን ለመፍረድ አይደለም። ዘመኑ ራሱ ያውቀው ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ ከለከሉ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ፤ እንዲህ ያለው ስድብ አገሪቱን ያለ ባለእጅ እንደሚያስቀራትም አሳሰቡ። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያወጣበት የደረሰ ችግር ዛሬ የፈጠርነው ችግር ሊሆን አይችልም። አዋጁ ግን ጋብቻን፣ ርስትንና ማኅበርን አልነካም፤ ልማዱም ቀጠለ። ከውጭ ዓለም ምሳሌ የፈለገ እ.ኤ.አ. በ1990 ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ የጻፉትን «ዘ ዲፈረንስ ኤንጂን» የተባለ ልብ ወለድ ይመልከት። ለውጡ ከውጭ ሲታይ የአንድ ማሽን ጉዳይ ነው፤ የቻርልስ ባቤጅ የስሌት ማሽን ሳይሠራ ቀርቶ በነበረበት ቦታ ተሠርቶ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ እንግሊዝ የተለወጠችው በትውልድ ጌታ የነበሩት ተሽረው በዕውቀታቸው ጌታ የተባሉ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ስለተተኩ ነው። የእንፋሎት ዘመን ልብ ወለድ መሠረት የጣለው ሥራ እንኳ ክብር ካልተዛወረ ማሽን ብቻውን ዓለምን እንደማይለውጥ ያሳያል።

እንግዲህ የእኛ ኮሚክ ለውጡን በአንድ ቀን ላይ ሊያደርገው ይችላል። ጋፋት ላይ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን መድፍ እንዲያቀልጡ ብቻ ሳይሆን ከየአውራጃው የተሰበሰቡ ቀጥቃጮችን እንዲያስተምሩ ያዘዙበት፣ ለተማሪዎቹም ርስት የሰጡበት ቀን። ንጉሡ ቢሞቱ እንኳ ባለርስቱ ቀጥቃጭ ምድጃውን ይዞ ዓባይን ተሻግሮ ሞጣ ይገባል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ልጆቹ ፓምፕና የወፍጮ መንኮራኩር ይሠራሉ። ከሞጣ በስተ ሰሜን ዓባይ ላይ ያለውና በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በእውነተኛው ታሪክ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስም ወረሰ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው በተሰበረው ቅስት ላይ በገመድ ታስሮ፣ በወዲያ ማዶ በቆሙ ወንዶች ጉልበት እየተሳበ ይሻገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችና በአካባቢው ሰው ሥራ በብረት እስኪጠገን ድረስ። በሌላው ታሪክ ያንን ክፍተት የሚሞላው የሞጣ ምድጃ ያወጣው ብረት ነው። እንዲህ ያለ ትዕይንት ከሰርኪስ ባቡር ሦስት ገጽ ይበልጣል፤ አንባቢው ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደቻለ ያውቃልና።

ልዕለ ጀግናውም ከዚሁ ቤት ይወጣል፤ እዚህ ላይ ግን ሠዓሊው ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ቀጥቃጭን አስመልክቶ የኖረው ወሬ የልዕለ ጀግና ታሪክ የሚፈልገውን ሁሉ ይዟል፤ በቀን አንድ ሰው፣ በሌሊት ሌላ ፍጡር፣ ሰው የማያውቀው ኃይል፣ ከማኅበር መገለል። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1963 ኤክስ ሜንን ሲፈጥሩ የተነሡበት ሐሳብ ይህንን ይመስላል፤ በተፈጥሮ ችሎታቸው ምክንያት የሚፈሩና የሚጠሉ ሰዎች የሚፈራቸውን ሕዝብ ራሱን ይከላከላሉ። ስለዚህ አንድ ደራሲ የቀጥቃጩን ልጅ በእውነት ጅብ የሚሆን ጀግና ላድርገው ቢል አይገርምም። እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኤክስ ሜን የምናብ ዘር ነው፤ ቀጥቃጭ ግን ዛሬም በገበያ የሚቀመጥ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሰደብበት ሰው ነው። ልዩ ኃይሉን እውነት ማድረግ ስድቡን እውነት ማድረግ ነው። ጀግናው ሊኖረው የሚገባው ኃይል እጁ የሚያውቀው ዕውቀት ነው፤ የጅቡ ወሬ በታሪኩ ውስጥ መቅረብ ያለበት ባላጋራው እንደሚጠቀምበት መሣሪያ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው ብላክ ፓንተር በተባለው ጀግና ታሪክ ምናባዊቷን አፍሪካዊት አገር ዋካንዳን ኃያል ያደረጋት ከሰማይ የወደቀ ብረት ነው። ያ ሐሳብ በብዙ አፍሪካውያን ልብ ውስጥ ኩራት ዘርቷል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከሰማይ በወደቀ ሀብት የተሠራች አገር ለእኛ መንገድ አታሳይም። የእኛ ብረት ከወናፍና ከሰው ትከሻ የመጣ ነው፤ ጀግናችንም እንዲሁ ይሁን።

«ቢቸና የራሷ ጀግና እያላት ሌላ ምን ያስፈልጋል? በላይ ዘለቀን ሣሉ» የሚል ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። አባ ኮስትር በላይ በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በምሥራቅ ጎጃም አርበኞችን መርቶ የተዋጋ፣ ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ የቢቸና አውራጃ ገዥ የሆነ፣ በ1937 ዓ.ም. ግን ነፃ ባወጣት አገር መንግሥት እጅ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የሞተ ሰው ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ሰው እንዴት ይህን ያህል ከወደቀበት ተነሥቶ እንደሚዋጋ ለማሳየት ከእሱ የሚበልጥ አላውቅም፤ ለእሱ ያለኝን ፍቅርም አልሸሽግም። የኮሚክ ጀግና እንዳይሆን የምፈልገውም በዚሁ ፍቅር ምክንያት ነው። በላይ ያደረገውን ያደረገው በማረከው ጠመንጃ፣ በእግሩ፣ በሚከተሉት ገበሬዎች እምነት ነው። በእንፋሎት የሚሠራ የብረት ጥሩር ብናለብሰው የሠራው ሥራ ይቀልላል፤ ድሉ የጥሩሩ ይሆናል። ከዚህም በላይ ስለ ፍርዱና ስለ አሟሟቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ገና ክርክራቸውን አልጨረሱም፤ ልብ ወለድ ያንን ክርክር በሥዕል ሊዘጋው አይገባም። በሌላው ታሪክ ውስጥ በላይ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ቀጥቃጩ ጠመንጃውን የሚጠግንለት፣ በአንድ መሶብ አብሮት የሚበላ አለቃ ሆኖ።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ልዕለ ጀግና ብቻውን የሚያድን ሰው ነው፤ የዚህ ምድር ታሪክ ግን የብዙዎች ታሪክ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ማስረጃውም ቅርብ ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር በጣለ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቱ እንዳይለካና ርስቱ እንዳይነካ ፈርቶ ተነሣ፤ ከአመፁ ማዕከሎች መካከል ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ ነበሩ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከሥልጣን ተነሡ፣ ግብሩም ተተወ። ያን ድል ያመጣ አንድ ስም የለም። ኮሚክ ይህን ማሳየት አይችልም የሚለው ክርክር ግን አያሳምነኝም። የዐድዋ ሥዕል ሺህ ሰው በአንድ ገጽ ይይዛል፤ የሳጥን ሥዕልም የአንድን ሰው እጅ ካሳየ በኋላ በሚቀጥለው ሳጥን ብዙ እጅ ሊያሳይ ይችላል። ቀጥቃጩ ጀግና የሚሆነው ብቻውን ስለተዋጋ ሳይሆን በእጁ የብዙዎች ማረሻ ስለሚሳል ነው። እንዲያውም በ1960ው አመፅ ጊዜ ርስት ለሌለው ባለእጅ «ርስታችን» የሚለው ጩኸት ምን ማለት ነበር? ይህን ጥያቄ የታሪክ መጻሕፍት ብዙም አላነሡትም። ርስቱን ከጋፋት ጀምሮ ያገኘ ቀጥቃጭ በዚያ ሰልፍ መካከል ቢቆም ትዕይንቱ ሌላ ይሆናል፤ ሌላው ታሪክ እውነተኛውን ታሪክ የሚያበራውም እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የቀረው ሥጋት ወጣቱ እውነቱን ከምናቡ መለየት ያቅተዋል የሚለው ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ እውነተኛውን ታሪካችንን ራሱን በቅጡ ባልተማረበት ሁኔታ የምናቡ ሊቀድም ይችላል። መፍትሔው ግን አለመሣል አይደለም። መጽሐፉ በመጨረሻው ገጹ ላይ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለይቶ ይንገር፤ ጋፋት የት እንደነበረች፣ አዋጁ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታወጀ፣ ሰባራ ድልድይ እንዴት እንደተሰበረ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ ኮሚኩ ወደ ታሪክ መጽሐፉ የሚያስገባ በር ይሆናል። የቴዎድሮስንም ግፍ አይሸፍን፤ ጋፋት የግዞትም ቦታ ነበረች፣ ሴባስቶፖልን የጎተተው ሕዝብም ተገዶ ነው የጎተተው። ቀጥቃጩን አክብሮ ሌላውን በግዳጅ የሚያሠራ ሌላ ታሪክ ሌላ ታሪክ አይባልም።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ሠዓሊዎችና ደራሲዎች አንድ ልመና አለኝ። ከለንደን የእንፋሎት ሥዕል ከመቅዳታችሁ በፊት በቢቸና ወይም በሞጣ የገበያ ቀን ከቀጥቃጩ ዘንድ ሂዱ፤ በወናፉ አጠገብ ተቀመጡ፣ መስፉንና ጉጠቱን ሣሉ፣ ስለ ብረቱ የሚያውቀውን ጠይቁት። የጊዜውን ዋጋ ክፈሉት። ፈቃዱ ከሆነም መጽሐፉ ሲታተም ስሙን ከእናንተ ስም ጎን ሽፋኑ ላይ አስፍሩት።